ከሩቅ የሚታይ ነገር ስለ ማነሱ

በ2017 ዓ.ም. በሰሙነ ሕማማት፥ በኢየሩሳሌም በዴር ሡልጣን ገዳማችን ቅጥር ውስጥ፥ ከምሽት ጸሎት በኋላ ጥቂት ምእመናን ተቀምጠው ሳሉ፥ በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት ወደ እኔ ቀረብ ብለው አንድ ነገር ጠየቁኝ። እኒህ እናት ከወሎ የመጡ ናቸው። የመንገዳቸውን ወጪ የቻለላቸው በአሜሪካ የሚኖር የልጅ ልጃቸው ነው። ልጁ በስልክ አንድ ሥዕል ልኮላቸው ኖሮ እርሱን አውጥተው አሳዩኝ። ሥዕሉ ጨለማ ነው፤ በጨለማው ላይ የብርሃን ጨረር የሚመስል ስስ መስመር ይወርዳል፤ በመስመሩም ውስጥ በጣት ቢጠርጓት የምትጠፋ አቧራ የምትመስል አንዲት ነጥብ አለች።

«አባቴ፥ ይህች ነጥብ ምድር ናት አለኝ። እኛም ሁላችን፥ አገራችንም፥ ይህም ቅዱስ ቦታ፥ ባሕሩም ተራራውም በዚህች ውስጥ ነው አለኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው፥ እናቴ» አልኋቸው።

ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፥ «እንዲህ ካነስን እንግዲያ ማን ያየናል?» አሉኝ።

እኔም መልስ አልሰጠሁም። «ጊዜ ይስጡኝ» ብቻ ብዬ ወደ በዓቴ ገባሁ። በማግሥቱ ነገሩን ለአንድ ወንድም መነኩሴ ባጫውተው፥ «ለባልቴት እናት የሰማይ ልክ ምን ያደርግላቸዋል? ለምን እውነት ነው አልሃቸው? በሰላም ይሳለሙ፥ በሰላም ይመለሱ» ብሎ ገሠጸኝ። ወንድሜ ይህን የተናገረው ከርኅራኄ እንደ ሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ጥያቄውን ያመጡት እርሳቸው እንጂ እኔ አይደለሁም፤ የጠየቀንን ሰው መልሱን አይችለውም ብሎ መሸሸግ ርኅራኄ መስሎ የሚገባ ንቀት ነው ብዬ አምናለሁ። ይህንንም የምለው እኔ ራሴ በዚህ ነገር ዕዳ ስላለብኝ ነው።

ከ25 ዓመት በፊት ገደማ በአገር ቤት በአንድ ጉባኤ ቤት ባሕረ ሐሳብ አስተምር ነበር። ከተማሪዎቼም መካከል ዕድሜው 14 ወይም 15 የሚሆን፥ ከቀትር በኋላ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ብቅ የሚል አንድ ልጅ ነበረ። አንድ ቀን ስለ ዐውደ ፀሐይ ሳስረዳ፥ «የኔታ፥ በዚያኛው ትምህርት ቤት የምትዞረው ምድር ናት ይላሉ» አለ። እኔም በጉባኤው ፊት፥ «ምድር የምትዞር ከሆነች አንተ ለምን ወድቀህ አትንከባለልም?» አልሁት፤ ጉባኤው ሁሉ ሳቀ። ልጁ ግን ጥቂት አስቦ፥ «እኛም አብረን ስለምንዞር ይሆናል» ብሎ መለሰ። መልሱ ትክክል ነበር። ትክክል መሆኑም ነው ያስቆጣኝ። እስከ ሠርክ ጸሎት ድረስ በጠጠር ላይ አንበረከክሁት። ሲነጋ ደበሎውም አኩፋዳውም አልነበሩም፤ ወዴት እንደ ሄደም የነገረኝ የለም።

ያን ጊዜ እኔ ነገሩን ያልሰማሁ ሰው አልነበርሁም። ኮፐርኒኩስ የተባለው የፖላንድ ሊቅ ፀሐይን በመካከል አቁሞ ምድርን እንደ ሌሎቹ ፈለኮች የምታዞር መጽሐፉን በ1543 እንዳሳተመ (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ያላልሁበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በአንድ አሮጌ መጽሔት አንብቤ ነበር። የፈራሁት ሌላ ነው። ከግድግዳው አንድ ድንጋይ ቢነቀል ቤቱ በሙሉ የሚፈርስ መስሎኝ ነበር። ቤቱ የቆመው በዚያ ድንጋይ ላይ እንዳልነበረ ያወቅሁት ልጁ ከሄደ በኋላ፥ ከጸጸቴ የተነሣ መጻሕፍቱን መፈለግ ስጀምር ነው።

አሁን ወደ እናታችን ጥያቄ እንመለስ። ማነሳችንን አምነን ከመደንገጣችን በፊት ምን ያህል እንደምናንስ፥ ከምንስ ጋር ተመዝነን እንደምናንስ ማወቅ ይገባናል። በሚሊዮን የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ለጆሮ እንጂ ለልብ አይገባምና፥ ነገሩን በቤት ዕቃ እንመስለው።

ምድር አንዲት የሽምብራ ፍሬ ናት እንበል። በዚህ ልክ ፀሐይ ወርዱ 87 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ትልቅ ሞሰብ ይሆናል፤ ከዳር እስከ ዳር 109 ሽምብራ ይደረደርበታልና። ሽምብራዋ ከሞሰቡ የምትርቀው ወደ 94 ሜትር ነው። ይህ በእውነተኛው ልክ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው፤ በአንዲት ሴኮንድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚሮጠው ብርሃን እንኳ ከፀሐይ ወደ እኛ ለመድረስ 8 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ያህል ይወስድበታል። እንግዲህ ጧት በደብረ ዘይት አናት ላይ ብቅ ስትል የምናያት ፀሐይ፥ ከ8 ደቂቃ በፊት የነበረችው ፀሐይ ናት። ምድርም በዚህ ርቀት ላይ ሆና በአንዲት ሴኮንድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዛለች፤ አንባቢ ይህን ዐረፍተ ነገር ጨርሶ ነጥቡ ላይ እስኪደርስ ድረስ ቢያንስ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዟል። የዚያ ልጅ መልስ ትክክል ባይሆን ኖሮ ማን ይቆም ነበር?

ከሞሰቡ 36 ሜትር ርቆ የምስር ፍሬ የምታህል ሜርኩሪ አለች። አየር የሌላት ስለ ሆነች ቀኗ 430 ዲግሪ ሙቀት፥ ሌሊቷ ደግሞ ከዜሮ በታች 180 ዲግሪ ብርድ ነው። ከእርሷ ቀጥሎ በ68 ሜትር ላይ ከእኛ ሽምብራ በጥቂቱ የምታንስ ሌላ ሽምብራ አለች፤ እርሷም ቬኑስ ናት። ቬኑስ ማለት ለሰዓታት ስንነሣ የምናያት፥ አባቶቻችን የአጥቢያ ኮከብ ያሏት ናት። ኮከብ ግን አይደለችም፤ ከራሷ የሚወጣ ብርሃን የላትም፤ የፀሐይን ብርሃን ደመናዋ ስለሚመልሰው ነው የምታበራ። እንደ እርሷ ያማረ ነገር በሰማይ ላይ ከጨረቃ በቀር በሌሊት አይታይም። ቀርበው ሲያዩአት ግን ሌላ ነገር ናት። አየሯ ሙቀትን አፍኖ ስለሚይዝ ምድሯ 465 ዲግሪ ያህል ይግላል፤ እርሳስ በዚያ ላይ ቢቀመጥ እንደ ቅቤ ይቀልጣል። የአየሯም ክብደት የእኛን 90 ጊዜ ያህል ነው። ሶቪየቶች በ1970 ቬኔራ 7 የተባለችውን መሣሪያ አውርደውባት በሙቀቱና በጭነቱ ምክንያት ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ብቻ ቃል ልካ ጸጥ ብላለች። ከሩቅ ያማረን ሁሉ ቀርቦ ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ከምድር አልፎ በ142 ሜትር ላይ ማርስ አለ፤ የቀላው በአፈሩ ውስጥ ያለው ብረት ስለ ዛገ ነው። በእርሱም ላይ አምስት ራስ ደጀን ቢደራረብ የሚያህል፥ ከፍታው 22 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ተራራ ይገኛል። ጁፒተር ብርቱካን ያህላል፤ ከሞሰቡ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሌሎቹ ፈለኮች ሁሉ ተደምረው ክብደቱን አያክሉትም። ጋሊሌዎ በጥር ወር 1610 በመነጽር አይቶ አራት ጨረቃዎች ሲዞሩት ያገኘው ይህንኑ ነው፤ ሁሉ ነገር ምድርን ብቻ ይዞራል የሚለው አሳብ በዓይን ምስክር የተናጋውም በዚያ ሰሞን ነው። ሳተርን ከሞሰቡ 900 ሜትር ያህል ርቆ ቀለበቱን ለብሶ ይዞራል፤ በ2025 በተደረገው ቆጠራ ጨረቃዎቹ ከ270 በላይ ሆነዋል። ዩራነስ በ1800 ሜትር ላይ በጎኑ ተጋድሞ ይንከባለላል፤ እርሱንም ያገኘው በ1781 ዊልያም ኸርሸል ነው።

ኔፕቱን ግን ጥቂት ቃል ይገባዋል፤ ከመታየቱ በፊት በቍጥር የተገኘ ነውና። ዩራነስ ከታሰበለት መንገድ በጥቂቱ ስለ ተዛነፈ፥ የፈረንሳዩ ሊቅ ለቬርዬ የማይታይ ሳቢ አለ ብሎ ቦታውን በስሌት ወሰነ፤ በርሊን የነበረው ጋለም በ1846 መነጽሩን ወደዚያ ቢያዞር በዚያችው ሌሊት አገኘው። ወንድሞቼ ሆይ፥ በብራና ላይ አበቅቴና መጥቅዕ ስንቆጥር ለኖርን ሰዎች ከዚህ የበለጠ የሚያስደስት ታሪክ አላውቅም። ኔፕቱን ከተገኘ ጀምሮ ፀሐይን አንድ ጊዜ ዞሮ የጨረሰው በ2011 ነው፤ አንድ ዓመቱ የእኛ 165 ዓመት ያህል ነውና። በምሳሌአችን ከሞሰቡ 2800 ሜትር ይርቃል።

እንግዲህ አንድ ሞሰብ፥ አንድ ብርቱካን፥ ጥቂት ጥራጥሬ፥ የቀረው ሦስት ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የጎደለው ባዶ መንገድ ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀርበን ሌላ ፀሐይ፥ ማለት ሌላ ኮከብ፥ በዚሁ ልክ 25 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የዓለምን ዙሪያ ከግማሽ በላይ መሄድ ነው። የእኒያ እናት ድንጋጤ ያለ ምክንያት አይደለም።

ሥዕሉ የተነሣው እንዲህ ነው። ቮዬጀር 1 የተባለችው መሣሪያ በ1977 ከምድር ተነሥታ ጁፒተርንና ሳተርንን ጎብኝታ ካለፈች በኋላ፥ በየካቲት 14 ቀን 1990፥ ካርል ሴጋን የተባለው ሊቅ ባቀረበው አሳብ መሠረት ዓይኗን ወደ ኋላ መልሳ ምድርን አነሣቻት። በመካከላቸው የነበረው ርቀት 6 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በሥዕሉ የሚወርደው የብርሃን መስመርም ልዩ ምልክት ሳይሆን የፀሐይ ጮራ በመሣሪያው ውስጥ ተበትኖ የፈጠረው ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሰጡት አንድ መልስ አለ፤ ይኸውም ማነስ መናቅ አይደለም የሚል ነው። ገበሬ ልጁንና በሬውን በሚዛን አስቀምጦ የከበደውን አይመርጥም። በዚህ ቤተ ሰብ ውስጥ ካለው ክብደት ከ100 እጅ 99.8 የሚሆነው የፀሐይ ብቻ ነው፤ ፀሐይ ግን ይህን አታውቅም፤ ያወቃትም የመዘናትም በሽምብራዋ ላይ ያለው ትንሽ ፍጡር ነው። ይህ መልስ እውነት ነው፤ እኔም ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ነገር ግን ያን ሌሊት በበዓቴ ሆኜ ሳስበው የእናታችንን ጥያቄ እንደማይነካው አየሁ። እርሳቸው «እንዲህ ካነስን ምን እንረባለን?» አላሉም፤ «ማን ያየናል?» ነው ያሉት። የዋጋ ጥያቄ ሳይሆን የመታየት ጥያቄ ነው። ለብቻቸው ቤት የሚኖሩ፥ ልጃቸውን የቀበሩ፥ የልጅ ልጃቸውን ድምፅ በስልክ ብቻ የሚሰሙ ሰው ይህን ሲጠይቁ መልሱ የሚዛን ነገር ሊሆን አይችልም።

ስለዚህ ስለ ማየት ማሰብ ጀመርሁ።

መጽሐፈ ሄኖክን ያጠና ሰው እንደሚያስታውሰው፥ በዚያ መጽሐፍ ስለ ብርሃናት በሚናገረው ክፍል ፀሐይና ጨረቃ በብርሃን ቢበላለጡም በመጠን እኩል እንደ ሆኑ ተጽፏል። በወጣትነቴ ይህን እንደ ቃሉ ተቀብዬ ነበር፤ በኋላም የፀሐይ ወርድ የጨረቃን ወርድ 400 ጊዜ ያህል እንደሚበልጥ ባነበብሁ ጊዜ ብዙ ታወክሁ። በምሳሌአችን ጨረቃ ከሽምብራዋ አንድ ስንዝር ርቃ የተቀመጠች የሰናፍጭ ፍሬ ናት፤ ፀሐይ ደግሞ ሞሰቡ ነው። ይሁን እንጂ ፀሐይ በ400 እጥፍ ስትበልጥ ርቀቷም ደግሞ የጨረቃን 400 ጊዜ ያህል ነው። ስለዚህ በምድር ላይ ለቆመ ዓይን ሁለቱ በእርግጥ እኩል ናቸው! የጥንቱ ጸሐፊ ያየውን በታማኝነት ጽፏል። ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ሊሆን የሚችለውም ስለዚሁ እኩልነት ነው፤ ሰናፍጯ ሞሰቡን ልክ ትከድነዋለች። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላስታ ላሊበላ የነበራችሁ ምእመናን ፀሐይ የእሳት ቀለበት ሆና ስትታይ አይታችኋል፤ ያን ዕለት ጨረቃ በመንገዷ ከምድር ራቅ ብላ ስለ ነበር ትንሽ አነሰችና ዳሩን ልትሸፍነው አልቻለችም። በመጠኗ ግን አልቀነሰችም፤ የራቀችው ናት።

እንግዲህ ማነስ የሚሉት ነገር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የነገሩ ማነስ ነው፤ ሌላው የርቀቱ ማነስ ነው። በእናታችን ሥዕል ውስጥ ያለው ይህ ሁለተኛው ነው። ያች መሣሪያ ምድርን ነጥብ አድርጋ ያየቻት ምድር ነጥብ ስለ ሆነች ሳይሆን የመሣሪያዋ ዓይን ከ6 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት ከዚያ በላይ ማየት ስለማይችል ነው። ሥዕሉ የሚነግረን የዓይኑን ድካም ነው። ርቀት የሚያሳንስበት ሕግ የፍጡር ዓይን ሕግ ነው፤ እኛ ግን ሳናስተውለው ያንኑ ዓይን ለፈጣሪ እንሰጠውና፥ ከላይ፥ ከሩቅ፥ ከከዋክብት ማዶ ቁልቁል ሲመለከት ነጥብ ብቻ የሚታየው ይመስለናል። ማን ሩቅ ነው አለን? ዘወትር በየስፍራው ሁሉ አለ እያልን በአፋችን የምናስተምረውን በልባችን ወደ ሰማይ ጫፍ አስወጥተን አስቀምጠነዋል። ሰማዩ ሲሰፋ እርሱ የራቀ የመሰለን በሰማዩ ስፋት ሳይሆን በዚህ በገዛ አሳባችን ነው።

ይህን አሳብ ይዤ ቅዳሜ ሌሊት ከመድረሱ በፊት ሌላ ነገር አጋጠመኝ። ከምእመናኑ አንድ ወጣት መምህር፥ «አባ፥ ፋሲካ ከሙሉ ጨረቃ በኋላ ባለው እሑድ ነው ይባላል፤ ጨረቃዋ ግን እሑድ በሆሣዕና ሊነጋ ሲል ሞልታ ነበር፤ ታዲያ ለምን ትንሣኤ ሰባት ቀን ዘገየ?» አለኝ። የዚያ ልጅ ጥያቄ ከ25 ዓመት በኋላ ልብስ ለውጦ የመጣ መሰለኝ።

ወጣቱ በደንብ አስተውሏል። በ2017 ዓ.ም. ጨረቃ በሰማይ የሞላችው ሚያዝያ 5 ቀን እሑድ ከንጋቱ በፊት ነው። በባሕረ ሐሳባችን ግን ወንበሩ 11፥ አበቅቴው 1፥ መጥቅዑ 29 ሆኖ፥ ፍሥሕ ሚያዝያ 9 ቀን ሐሙስ ይውላል፤ ትንሣኤም ሚያዝያ 12 ቀን እሑድ ሆነ። በሰማዩና በብራናው መካከል የአራት ቀን ልዩነት አለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የቀድሞዎቹ ሊቃውንት 19 የፀሐይ ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር እኩል ነው ብለው ቆጠሩ፤ ግሩም ቍጥር ነው፥ የሚሳሳተው በአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነውና። ይሁን እንጂ ያ አንድ ሰዓት ተኩል በየ19 ዓመቱ እየተጠራቀመ በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይሆናል። ዓመቱም እንደዚሁ 365 ቀን ከ6 ሰዓት ተብሎ ቢቆጠርም በእውነቱ ወደ 11 ደቂቃ ይጎድላል፤ ይህም በ128 ዓመት አንድ ቀን ይሞላል። ከዚህ የተነሣ በእኛ ትንሣኤ ሌሊት ጨረቃ ሁልጊዜ ጎድላ፥ ሌሊቱ ከገፋ በኋላ ትወጣለች። በቅዳሜው ሌሊት በሰገነቱ ላይ ጧፍ ይዘው ሲዞሩ የነበሩ ሁሉ ሰማዩን ቢመለከቱ ጨረቃ አልነበረችም፤ የወጣችው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው።

ይህን ለወጣቱ እንዲሁ ነገርሁት። «እንግዲያ በዓላችን ስሕተት ነው?» አለኝ። አይደለም፥ አልሁት፤ በዓል የማኅበር ቃል ኪዳን ነው፤ የተለያዩ ሰዎች በአንድ ቀን እንዲገናኙ የተስማሙበት ቀጠሮ ነው፤ የቀጠሮው ሰዓት ከፀሐይ ጥላ በጥቂት ቢዛነፍ የተገናኙት ሰዎች አልተገናኙም አይባልም። ቀጠሮውን ማስተካከል ይገባ እንደ ሆነ ደግሞ የእኔ ሥልጣን አይደለም። የእኔ ድርሻ፥ ሰማዩን አይቶ የጠየቀኝን ሰው «አላየህም» አለማለት ነው። በዚያ ጉባኤ ቤት ያጠፋሁት ጥፋት አለማወቄ አልነበረም፤ ድሜጥሮስም ሌሎቹም አባቶች የማያውቁት ብዙ ነበር፤ አላፈሩበትም፥ አላሳፈራቸውምም። ጥፋቴ ያየውን ማንበርከኬ ነው።

በዚህ ነገር ከሥነ ፈለክ ሊቃውንት አንድ መልካም ልማድ አይቻለሁ። በ1801 የጥር ወር መጀመሪያ ቀን ፒያትሲ የተባለ፥ በፓሌርሞ የሚኖር፥ እንደ እኛ የምንኵስና ቃል ኪዳን የገባ ካህን በማርስና በጁፒተር መካከል ሴሬስን አገኘ። ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በፈለክነት ተቆጠረች፤ በኋላ ብዙ መሰሎቿ በዚያው መንገድ ሲገኙ ስሟ ተቀንሶ ከንኡሳኑ ጋር ተቆጠረች። ፕሉቶም በ1930 ተገኝቶ ዘጠነኛ ፈለክ ተባለ፤ እኔም ዘጠኝ ብዬ ተምሬአለሁ። በነሐሴ 2006 ግን ሊቃውንቱ በፕራግ ተሰብስበው ፈለክ ማለት ምን እንደ ሆነ ወሰኑና፥ ፕሉቶም ሴሬስም ድንክ ፈለክ ተባሉ፤ ፈለኮችም ስምንት ሆኑ። ፕሉቶ በፈለክነት የኖረው 76 ዓመት ነው፤ እርሱ ፀሐይን አንድ ጊዜ ለመዞር 248 ዓመት ስለሚፈጅበት የመንገዱን ሢሶ እንኳ ሳይሄድ ተሾሞ ተሻረ። እርሱ ግን ይህን ሁሉ አልሰማም፤ በ2015 ኒው ሆራይዝንስ የተባለችው መሣሪያ በአጠገቡ ስታልፍ በላዩ ላይ የበረዶ ሜዳና ተራራ አገኘችበት። ብዙ ሰው በዚያ ውሳኔ ተቆጥቶ እንደ ነበር አንብቤአለሁ። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው፤ በዓለም ሁሉ ፊት «እስከ ትናንት ዘጠኝ ብለን አስተማርን፤ ከዛሬ ጀምሮ ስምንት ነው» ብለው ሲናገሩ ማንም አላስገደዳቸውም። እኔ ይህን ያህል ቃል ለአንድ ልጅ ለመናገር 25 ዓመት ዘገየሁ፤ አሁንም የምናገረው እርሱ በሌለበት ነው። ልጁ ዛሬ የአርባ ዓመት ሰው ይሆናል። ምናልባት የሰማይ ትምህርት ቀጥሎ ሊሆን ይችላል፤ ምናልባትም ያን ቀን ሁለቱንም ትምህርት ትቶ ሊሆን ይችላል። ይህን ጽሑፍ የሚያነብ መነኩሴ፥ መምህርም የሆነ፥ በጠጠሩ ላይ ሰው ከማንበርከኩ በፊት ያስብበት ዘንድ እለምነዋለሁ።

ለእናታችን ከላይ የጻፍሁትን ስለ ዓይንና ስለ ርቀት በፋሲካ ማግሥት በቀላል ቃል ነገርኋቸው። በጸጥታ ሰሙኝ። ከዚያም፥ «እንግዲህ የልጄ ልጅም በሥዕል ትንሽ ሆኖ የሚታየኝ ሩቅ ስለ ሆነ ነዋ» አሉ። እኔ ያላሰብሁትን ነው የተናገሩት። ተረድተውት ይሁን፥ ወይስ እኔን ለማጽናናት ይሁን፥ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ዓርብ ሚያዝያ 17 ቀን ሊነጋ ሲል፥ ወደ አገራቸው ከመመለሳቸው በፊት፥ ከሰገነቱ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። በደብረ ዘይት በኩል ቀጭን ጨረቃ ወጥታ ከጎኗ የአጥቢያ ኮከብ ታበራ ነበር። ሳተርንም በዚያው አቅጣጫ ዝቅ ብሎ እንዳለ አውቃለሁ፤ ዓይኔ ስለ ደከመ ግን ላየው አልቻልሁም። «እናቴ፥ ያች የምታበራው ኮከብ አይደለችም፤ እንደ ምድር ያለች ሌላ ምድር ናት፤ እጅግም ትግላለች» አልኋቸው።

ነጠላቸውን ወደ ላይ ሰብሰብ አድርገው ረዥም ጊዜ አዩአትና፥ «ኧረ ይህችማ ውኃ ልቀዳ ስወጣ በደጃፌ የማያት ናት» አሉኝ።